የጉዳዩ ባለቤት ማን ነው? ስለ ካርል ሮጀርስ የሥነ ልቡና ሕክምና መርሆዎችና በትምህርት ቤት ስላላቸው ወሰን የቀረበ ሐተታ

ካርል ሮጀርስ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ዘንድ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣ፣ ሥራው ግን የስሙን ያህል የማይነበብ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ስሙ ሲጠራ አብረውት የሚጠሩት ሦስት ቃላት ናቸው፤ እነርሱም እውነተኛነት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና የሌላውን ስሜት ገብቶ መረዳት ናቸው። ሠልጣኙ ሦስቱን ለፈተና ይሸመድዳል፤ በፈተናውም ላይ በተራ ይዘረዝራቸዋል። የሚያሳዝነው በዚህ ዓይነት የተጠኑት ቃላት፣ ሮጀርስ ሊያስወግደው ዕድሜውን ሙሉ የታገለውን ነገር፣ ይኸውም የረዳቱን የበላይነት፣ የሚሸፍኑ ጌጦች ሆነው መቅረታቸው ነው። የዚህ ሐተታ ዓላማ የሊቁን መሠረተ ሐሳብ ከተነሣበት የሥራ ልምድ ጋር አያይዞ መመርመር፣ የሚጸናበትንና የሚላላበትን ቦታ መለየት፣ ከዚያም ነጥብ በሚሰጥና በሚቀጣ መምህር እጅ ሲገባ ምን እንደሚደርስበት መጠየቅ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ካልተመለከተ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮጀርስ በ1902 በኢሊኖይ ግዛት ኦክ ፓርክ በተባለች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ጥብቅ ሃይማኖተኞች ነበሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ እርሻ ቦታ ስለ ተዛወረ፣ እንስሳት በመንከባከብና ስለ ከብት መኖ የተጻፉ ሳይንሳዊ መጻሕፍት በማንበብ አደገ። ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የገባው ግብርና ለመማር ነበር፤ ከግብርና ወደ ታሪክ፣ ከታሪክም ወደ ነገረ መለኮት ዞረ፤ በመጨረሻ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ የሥነ ልቡና ትምህርቱን ፈጸመ። ይህ መዛወር ለተመልካች ወረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ሁለት ቁም ነገሮች ተርፈውለታል። አንደኛው ከእርሻው የቀሰመው፣ በጥንቃቄ የተደረገ ሙከራን የማክበር ልማድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሰውን ልቡና አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅርጽ ውስጥ ለማስገባት የሚደረግን ሙከራ ሁሉ መሸሽ ነው፤ ነገረ መለኮትን የተወውም አንድን የተወሰነ እምነት የመያዝ ግዴታ ካለበት ሙያ ለመራቅ ነበር።

ከ1928 ጀምሮ ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ያህል የሠራው በሮቸስተር ከተማ ሕፃናትን ከጭካኔ ለመጠበቅ በተቋቋመ ማኅበር ውስጥ ነው። እዚያ የሚቀርቡለት ፍርድ ቤትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚልኳቸው፣ ጠባያቸው ያስቸገረ ልጆች ነበሩ። በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከዚያ ዘመን የሚያስታውሰውን አንድ ገጠመኝ ይተርካል። አንዲት እናት ልጃቸው እጅግ ስላስቸገራቸው ወደ እርሱ ይመላለሱ ነበር። ሮጀርስ የችግሩ ምንጭ እናቲቱ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማራቃቸው መሆኑን ከተረዳ ቆይቷል፤ ይህንኑ ራሳቸው እንዲያዩት ለማድረግ በትዕግሥት ቢጥርም አልሆነለትም። በመጨረሻም ሁለቱም የሚችሉትን እንደ ሞከሩና እንዳልተሳካላቸው፣ ግንኙነቱንም ቢያቋርጡት እንደሚሻል ነገራቸው። እርሳቸውም ተስማሙ፤ ተጨባብጠው ወደ በሩ ካመሩ በኋላ ዘወር ብለው ለአዋቂዎችም ምክር ይሰጥ እንደ ሆነ ጠየቁት። እንደሚሰጥ ሲነግራቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ስለ ትዳራቸው መከራና ስለ ተስፋ መቁረጣቸው ያፈሰሱት ቃል ቀድሞ ከሰጡት ደረቅ የልጅ ታሪክ ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። እውነተኛው ሕክምና የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ በመጨረሻም ለእናቲቱም ለልጁም በጎ ውጤት አስገኘ።

ከዚህ ገጠመኝ ሮጀርስ ያወጣው ትምህርት፣ የት ላይ እንደሚያም፣ ወዴት መሄድ እንደሚገባ፣ የትኛው ጉዳይ ወሳኝ እንደ ሆነ የሚያውቀው ራሱ ባለጉዳዩ ነው የሚል ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነጥብ አለ። የሐኪሙ ምርመራ ስሕተት ነበር አልተባለም። ሮጀርስ ስለ እናቲቱ ያሰበው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ያልሠራው እውነቱ ሳይሆን እውነቱ ከሐኪሙ ወንበር መምጣቱ ነው። ብዙ የሮጀርስ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት ስለሚዘሉት፣ ሊቁ ዕውቀትን የናቀ፣ ማንኛውንም ነገር እሺ የሚል ሰው አስመስለው ያቀርቡታል።

በሥራው ውስጥ «በሽተኛ» የሚለውን ቃል ትቶ በሌላ የተካውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የአማርኛው «ባለጉዳይ» ለሐሳቡ ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ ይቀርበዋል፤ ምክንያቱም ቃሉ ሲፈታ የጉዳዩ ባለቤት ማለት ነው። ችግሩ በየመሥሪያ ቤቱ በራፍ ማመልከቻውን ይዞ «ነገ ተመለስ» የሚባለውም ሰው በዚሁ ስም መጠራቱ ነው። ጉዳዩ በስሙ የእርሱ ሲሆን በሥራው የጸሐፊዋና የኃላፊው ነው። «ምክር» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያስቸግራል። በአገራችን ልማድ ምክር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ወጣቱን፣ አባት ልጁን፣ መምህር ተማሪውን ይመክራል። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት የመካሪውን ትዕግሥትና የትዕግሥቱን መጨረሻ ባንድ ላይ ይናገራል። የትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ስሙን የወረሰው ከዚህ ልማድ ነው። ሮጀርስ ግን ምክር የማይሰጥ አማካሪ ነው። ለእርሱ ሐሳብ የሚቀርበው «መመካከር» የሚለው ቃል ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ሁለቱ ወገኖች እኩል ሐሳብ እንደሚያዋጡ ስለሚያስመስል ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም።

ሮጀርስ ለሙያው ካደረገው አስተዋጽኦ ሁሉ በትንሹ የሚወሳው ምናልባት ትልቁ ሊሆን ይችላል። እስከ 1940ዎቹ ድረስ የሥነ ልቡና ሕክምና የሚካሄደው በተዘጋ በር ውስጥ ሲሆን፣ ውጪ ያለው ሰው የሚያውቀው ሐኪሙ በኋላ አስታውሶ የጻፈውን ብቻ ነበር። ሮጀርስ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ንግግሩን በሸክላ ማስቀዳት ጀመረ። አንዱ ሸክላ የሚይዘው የጥቂት ደቂቃዎች ንግግር ብቻ ስለ ነበረ ሥራው አድካሚ ነበር። ሆኖም በ1942 ባወጣው መጽሐፍ ኸርበርት ብራያን የሚል የምስጢር ስም ከተሰጠው ሰው ጋር ያደረጋቸውን ስምንት ውይይቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አሳተመ። በዚህም ሐኪሙ የት እንዳቋረጠ፣ የት እንደ ቸኮለ፣ የትኛውን ነገር ሳይሰማ እንዳለፈ አንባቢ ሁሉ የሚያየው ሆነ። ራሱን እንዲህ ለትችት ያጋለጠ ሊቅ ብዙ አይደለም። ቀጥሎ የሚነሡት ነቀፌታዎች አብዛኞቹ ሊነሡ የቻሉትም እርሱ በሩን ስለ ከፈተ ነው። የማስተማር ልምምድ የሚገመግሙ አሠልጣኞች ከሦስቱ ቃላት በፊት ይህንን ልማድ ቢወስዱ ብዙ ይጠቀሙ ነበር።

መርሆዎቹ በተሟላ ሁኔታ የቀረቡት በ1957 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው። እዚያ ስድስት ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከስድስቱ ሦስቱ ሐኪሙን የሚመለከቱ ናቸው። ሐኪሙ በግንኙነቱ ውስጥ ራሱን ሆኖ መገኘት፣ የሚሰማውንም ለራሱ መደበቅ የለበትም። ባለጉዳዩን፣ «እንዲህ ከሆንህ» የሚል ቃል ሳይጨምር፣ እንደ ሰው ሊቀበለው ይገባል። የባለጉዳዩን ዓለም በባለጉዳዩ ዓይን ማየት፣ ነገር ግን የራሱ አድርጎ እንዳይጠፋበት መጠበቅ አለበት። እስከዚህ ድረስ የሚቃወም ጥቂት ነው። ጽሑፉን አከራካሪ ያደረገው እነዚህ ሁኔታዎች አስፈላጊ ብቻ ሳይሆኑ በቂ ናቸው ማለቱ ነው። እንደ ሮጀርስ አባባል እነዚህ ሲሟሉ ሌላ የተለየ ዘዴ አያስፈልግም፤ በሽታን በዓይነት በዓይነቱ መለየትም ለሕክምናው አስፈላጊ አይደለም።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የተበላሸው ሦስተኛው ነው። የሌላውን ስሜት ገብቶ መረዳት በየሥልጠናው ወደ አንድ የንግግር ብልሃት ወረደ፤ ተማሪው «ሰልችቶኛል» ሲል አማካሪው «ሰልችቶሃል ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል። ገደል ማሚቶም ይህን ያህል ያደርጋል። ሮጀርስ ራሱ በዚህ መዛባት እጅግ ማዘኑንና ለብዙ ዓመታት ስለዚህ ነገር ለመናገር እስከ መጠንቀቅ መድረሱን በ1975 ገልጾ ነበር። ሆኖም ጥፋቱ የተማሪዎቹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አንድን የመሆን ጠባይ በአጭር ኮርስ ለማስተማር የተነሣ ተቋም፣ ሊመዘን የሚችለውን ክፍል፣ ማለትም ንግግሩን፣ ይዞ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው።

ማስረጃውስ ምን ይላል? ሮጀርስና ባልደረቦቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አድርገው በ1954 ባሳተሙት ጥናት ባለጉዳዮች ስለ ራስ የሚናገር ዓረፍተ ነገር የተጻፈባቸው 100 ካርዶች ይሰጧቸው ነበር። በመጀመሪያ አሁን ያሉበትን ሁኔታ፣ ቀጥሎም መሆን የሚመኙትን እንዲያሳዩ ካርዶቹን በየደረጃው ይደለድላሉ። ከሕክምናው በፊት በሁለቱ ድልድሎች መካከል ያለው ዝምድና በአማካይ ከዜሮ የማይለይ ሲሆን፣ ከሕክምናው በኋላ ወደ 0.34 ከፍ ብሏል፤ ሕክምና ባልፈለጉ የማነጻጸሪያ ሰዎች ላይ ግን ቀድሞም 0.58 ገደማ የነበረው ሳይለወጥ ቀርቷል። ለዚያ ዘመን ይህ ደፋርና ንጹሕ ሥራ ነበር። የሚጎድለው ነገር መለኪያው የባለጉዳዩ የራሱ ቃል መሆኑ ነው፤ የተረዳ ሰው ሲሰናበት ተሻለኝ ማለቱ ከምስጋና ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ፣ በዊስኮንሲን፣ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ቺካጎዎቹ በራሳቸው ፈቃድ የመጡ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ከሐኪሙ ጋር ብዙ ደቂቃዎች ያለ አንዳች ቃል ይቀመጡ ነበር። በ1967 የታተመው ውጤት፣ በጥቅሉ ሲታይ ሕክምናውን ባገኙትና ባላገኙት መካከል እምብዛም ልዩነት እንዳልነበረ ያሳያል። ከፍተኛ መረዳትና እውነተኛነት በታየባቸው ግንኙነቶች ውስጥ የተሻለ ለውጥ መኖሩ እርግጥ ነው። ቢሆንም «በቂ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ በቀድሞ ጽናቱ ሊቆም አልቻለም። ለመምህሩ የሚተርፈው ነጥብ ይህ ነው፦ መርሆዎቹ በተሻለ የሚሠሩት ሰውየው ፈልጎና ተናግሮ በመጣበት ቦታ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙው ሰው ሳይመርጥ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ከማስረጃው ይልቅ ጠለቅ ያለው ክርክር የሥልጣን ጥያቄ ነው። የባሕርይ ሳይንስ ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1956 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ከሮጀርስ ጋር ባደረገው የጽሑፍ ክርክር፣ ማንም ሰው ሌላውን ከመቆጣጠር ነጻ እንዳልሆነ፣ ልዩነቱ ቁጥጥሩ በመታየቱና ባለመታየቱ እንደ ሆነ ተከራከረ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በዊስኮንሲኑ ጥናት ከሮጀርስ ጋር የሠራው ቻርልስ ትሩአክስ፣ ሮጀርስ ራሱ ያካሄደውንና የተሳካለትን የአንድ ባለጉዳይ ሕክምና ቅጂዎች መረመረ። ሐኪሙ ለሁሉም ንግግር እኩል ሙቀት አልሰጠም። ባለጉዳዩ ስለ ራሱ ጥልቅ ማስተዋል ሲያሳይ፣ አነጋገሩም ወደ ሐኪሙ አነጋገር ሲቀርብ፣ መልሱ ይበልጥ የሞቀ ነበር፤ በዚህ መንገድ የተበረታቱት ጠባዮች አብዛኞቹም በጊዜ ብዛት እየጨመሩ ሄዱ። «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የተባለው መቀበል፣ በተቀባዩም በሰጪውም ሳይታወቅ፣ ቅድመ ሁኔታ ነበረው ማለት ነው። ይህ የሮጀርስን ቅንነት አይቀንስም። ሆኖም መቀበሌ ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው ብሎ የሚያምን ረዳት፣ የራሱን ዝንባሌ ለመመርመር ምክንያት አይኖረውም፤ አደጋውም ከዚህ ላይ ነው።

ፈላስፋው ማርቲን ቡበር በሚያዝያ 1957 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከሮጀርስ ጋር በሕዝብ ፊት ሲወያይ ጉዳዩን በሌላ ወገን ይዞታል። ሮጀርስ በሕክምናው ጥልቅ ጊዜያት ሐኪሙና ባለጉዳዩ እንደ እኩያ ሰዎች እንደሚገናኙ ተናገረ። ቡበር ግን አልተቀበለም፤ ሰውየው እርዳታ ሽቶ ወደ ሐኪሙ መጣ እንጂ ሐኪሙ ወደ እርሱ አልሄደም፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ወገን ለማየት ይችላል፣ ባለጉዳዩ አይችልም። ይህ የሁኔታው ባሕርይ ነውና በመልካም ፈቃድ አይጠፋም። ቡበር ከዚህ አልፎ፣ ሰውን አሁን እንዳለ በመቀበልና ሊሆን በሚችለው በማጽናት መካከል ልዩነት አበጀ፤ ማጽናት አንዳንድ ጊዜ ከሰውየው ጋር መታገልን ይጠይቃል። ከሁለቱ ሊቃውንት ለመምህር የሚቀርበው ቡበር ነው። አሥር ጊዜ የተሳሳተ ስሌት ያመጣውን ልጅ የሚወድደው መምህር፣ አሥራ አንደኛውን ስሕተት አይቀበልለትም።

ሮጀርስ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ከልጅነት ቤቱ ምድር ቤት የሚያስታውሰው የድንች ምሳሌ አለ። ለክረምት የተከማቸው ድንች ከትንሽ መስኮት ወደሚገባው ብርሃን ቀጫጭንና ነጣ ያለ ቡቃያ ይልካል፤ ተክል አይሆንም፣ ፍሬም አይሰጥም፣ ግን መጣሩን አይተውም። በአእምሮ ሆስፒታል የቆዩ ሰዎችን ሲያይ ያን ቡቃያ ያስታውስ እንደ ነበር ይናገራል። ምሳሌው ልብ ይነካል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሕይወት የሚያዘነብል ኃይል አለው የሚለውን የሮጀርስን እምነት ከብዙ ትንታኔ የበለጠ ያስረዳል። ሆኖም ምሳሌው ራሱ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ምድር ቤቱን ማን ሠራው? መስኮቱንስ ማን ያህል አሳነሰው? ስለ ቡቃያው ብዙ ያለው ሊቅ ስለ መስኮቱ የተናገረው ጥቂት ነው። የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ግን ሥራው መስኮቱ ነው።

ሮጀርስ ሐሳቡን ወደ ትምህርት የወሰደው ቀደም ብሎ ነው። በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተማሪ ተኮር ስለ ሆነ ማስተማር አንድ ምዕራፍ ጽፏል። በ1952 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ስብሰባ ላይ ደግሞ ባሕርይን የሚለውጥ ትምህርት ሰው ለራሱ ያገኘው ብቻ እንደ ሆነ፣ ማስተማር የሚባለውም ከንቱ መስሎ እንደሚታየው በመናገሩ በመምህራኑ መካከል ብርቱ ክርክር አስነሣ። በ1969 ያወጣው ስለ መማር ነጻነት የሚናገር መጽሐፍ ይህንኑ ያስፋፋል። እዚህ ላይ ሊቁ ከመሬቱ ውጪ ወጥቷል። ባለጉዳዩ የራሱን ሕመም ከሐኪሙ የበለጠ ያውቃል፤ የክፍልፋይን ሕግ ግን ተማሪው ከመምህሩ የበለጠ አያውቅም። በ2006 በሦስት ተመራማሪዎች የታተመ ታዋቂ የትችት ጽሑፍ፣ ለጀማሪ ተማሪ ግልጽ መመሪያ ሳይሰጡ ራሱ እንዲያገኘው መተው ውጤቱ ደካማ መሆኑን በሰፊው አስረድቷል። በሌላ በኩል በ2007 የታተመና 119 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ፣ ሮጀርስ የገለጻቸው ዓይነት የመምህርና የተማሪ ግንኙነቶች ከተማሪዎች ውጤት ጋር በአማካይ 0.31 ዝምድና እንዳላቸው አግኝቷል። ሁለቱ ግኝቶች አይጋጩም፤ አንዱ ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ፣ ሌላው ስለ ሰዎቹ ግንኙነት ነው። ሮጀርስ ሁለቱን ስላልለየ፣ በሁለተኛው ያገኘውን መብት በመጀመሪያው ላይ ተጠቀመበት።

በኢትዮጵያ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» የሚለው ሐረግ በየሥልጠናው የሚሰማ ሆኗል። ሐረጉ ብዙ አባቶች አሉት፤ ሮጀርስ አንዱ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጎመው በወንበር አቀማመጥና በቡድን ሥራ ብዛት ነው፤ ይህም ቀደም ሲል ከተነሣው የገደል ማሚቶ ምላሽ ብዙ አይርቅም። የሮጀርስ ጥያቄ የሚነሣው ከዚያ ይልቅ በአንድ ተራ ሁኔታ ላይ ነው። በዘመድ ቤት እየኖረች የምትማር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በተደጋጋሚ ታረፍዳለች እንበል። የክፍል ኃላፊው መምህር ለብቻዋ አስቀምጦ በጥሞና ቢያዳምጣት፣ በቤት ሥራው ብዛት ሌሊት እንደማትተኛ፣ ከዚያም የከፋ ነገር እንዳለ ትነግረው ይሆናል። ይኸው መምህር ማርፈዷን በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባልም ሊሆን ይችላል። የሰማውን የት ያደርሰዋል? ያለ ቅድመ ሁኔታ ተቀብዬሻለሁ ካላት ዋሽቷታል፤ ሥራው ቅድመ ሁኔታ አለውና።

ከሦስቱ መርሆዎች በዚህ ቦታ ሊቆም የሚችለው የመጀመሪያው፣ እውነተኛነት፣ ነው። እርሱም ከመልካም ፊት ይልቅ ከባድ ነገር ይጠይቃል፤ መምህሩ ገና ሳትናገር ምን ሊሰውርላት እንደሚችል፣ ምን ግን ለማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት፣ የትኛው ውሳኔ በእጁ እንዳልሆነ በግልጽ ሊነግራት ይገባል። ያን ጊዜ ጥቂት ትናገር ይሆናል። የምትናገረው ግን የእርሷ ምርጫ ይሆናል። ሮጀርስ ራሱም በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከዚህ አላመለጠም፤ ተቋሙ ውጤት ስለሚጠይቅ ተማሪዎቹ ራሳቸውን እንዲመዝኑ አድርጎ፣ ግምታቸው ከእርሱ ግምት በጣም ሲርቅ እንደሚያነጋግራቸው አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር። የመጨረሻው ቃል በማን እጅ እንዳለ አልሸሸገም።

ለዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የሚወጣው ጉዳይ ከሥልጠና ሰዓት ብዛት ይልቅ የሥራ መደቡን ይመለከታል። ተማሪዎችን እንዲያዳምጥ የተመደበ ሠራተኛ በዚያው ትምህርት ቤት የቅጣት ኮሚቴ ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ የሥራ አፈጻጸሙም ጸጥ ባሰኛቸው ተማሪዎች ቁጥር እንዳይመዘን ማድረግ ያስፈልጋል። ከተማሪው የሰማውን የሚጽፍበት መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንደሚሆን በሥራ መዘርዝሩ ላይ ለማስፈር አንድ አንቀጽ ይበቃል።